መዘግየትና ባንድዊድዝ፦ የፕሮሰሰር ንድፍ ሁለት መለኪያዎች

በመተማ ዮሐንስ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለከተማው ነዋሪዎች የቀረበ የሕዝብ ንግግር ግልባጭ



የዛሬው ንግግሬ የሚያጠነጥነው «ፈጣን» በሚለው ቃል ላይ ነው። ኮምፒውተር የሚሸጥልን ነጋዴ «ይህኛው ከዚያኛው ይፈጥናል» ይለናል። ተማሪ «ፕሮግራሜ ቀርፋፋ ሆነብኝ» ይላል። የትምህርት ክፍል ኃላፊ «ፈጣን ፕሮሰሰር ይገዛልን» ብሎ ይጽፋል። ሦስቱም አንድ ቃል ቢጠቀሙም በቃሉ ውስጥ ሁለት የተለያዩ መለኪያዎች አሉ። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሆንም፤ አንዳንዴም አንዱን ለማሻሻል የምናደርገው ነገር ሌላውን ይጎዳል። ይህን ሳይለይ ዕቃ የሚገዛ ተቋም ገንዘቡን፣ ሳይለይ ፕሮግራም የሚጽፍ ተማሪ ድካሙን ያባክናል። ወደ ንግግሬ መጨረሻ ላይም ጉዳዩ የአማርኛ ተናጋሪን ሁሉ እንደሚመለከት ለማሳየት እሞክራለሁ።

ሁለቱ መለኪያዎች

የመጀመሪያው መለኪያ ሌተንሲ ይባላል፤ እኔ በዚህ ንግግር መዘግየት እለዋለሁ። ጥያቄ ከቀረበበት ቅጽበት አንሥቶ መልሱ እስኪደርስ ያለው ጊዜ ነው። ሁለተኛው ባንድዊድዝ ነው፤ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ምን ያህል መረጃ ሊያልፍ እንደሚችል የሚነግረን የማስተላለፍ አቅም ነው።

ሁላችን በምናውቀው መንገድ ላይ እናስቀምጣቸው። ከዚህ በኮኪት፣ በገንዳ ውኃና በአይከል አድርጎ እስከ ጎንደር 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 400 ኩንታል ሰሊጥ የጫነ ተሳቢ በሰዓት በአማካይ 40 ኪሎ ሜትር ይጓዛል ብለን ለስሌት ብንወስድ ጎንደር ለመድረስ 5 ሰዓት ይፈጅበታል። አሥር ተሳቢዎች አንድ ላይ ብናሰማራ 4000 ኩንታል ይደርሳል። ባንድዊድዙ አሥር እጥፍ አደገ፤ የመጀመሪያው ኩንታል ጎንደር የሚገባው ግን አሁንም ከ5 ሰዓት በኋላ ነው።

የሰሊጡ እርሻም ይህንኑ ያስተምረናል። ሰሊጥ ሲደርስ ፍሬው ሳይረግፍ በፍጥነት መታጨድ አለበት፤ ስለዚህ ባለ እርሻው ብዙ የቀን ሠራተኛ ይቀጥራል። ሠራተኛው እጥፍ ሲሆን አጨዳው በግማሽ ጊዜ ያልቃል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ብሂል የሚሠራው እዚህ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ አጫጅ የሌላውን ሳይጠብቅ የራሱን ድርሻ ማጨድ ይችላልና። ከታጨደ በኋላ ግን ነዶው ቆሞ እስኪደርቅ ሁለት ሳምንት ያህል ይጠበቃል። ሠራተኛው መቶም ሆነ ሺህ፣ ነዶው ከቀኑ በፊት አይደርቅም። አጨዳው የባንድዊድዝ፣ ማድረቁ የመዘግየት ጉዳይ ነው።

ሦስተኛ ምሳሌ ከዚህች ከተማ ታሪክ ልጨምር። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ቆስለው ሲያርፉ፣ ዜናው ወደ መሃል አገር የተጓዘው በመልእክተኛ እግርና በፈረስ ኮቴ ነበር። የመልእክቱ መጠን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። መንገዱን አሥር እጥፍ ብናሰፋው፣ ወይም በአንድ መልእክተኛ ፈንታ መቶ መልእክተኞች ብንልክ፣ ዜናው በአንድ ሰዓት እንኳ አይቀድምም። የመልእክቱን ጊዜ የሚወስኑት ርቀቱና የተጓዡ ፍጥነት ብቻ ናቸው። ዛሬ በፋይበር መስመር ውስጥ የሚሄድ ብርሃን ለአንድ ኪሎ ሜትር 5 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ይወስድበታል፤ ይህም ቢሆን ዜሮ አይደለም። ከ5000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አውሮፓ ውስጥ ካለ ኮምፒውተር መልስ የሚጠብቅ ሰው፣ ኢንተርኔቱ የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን፣ ቢያንስ 50 ሚሊ ሰከንድ ለደርሶ መልስ ይከፍላል።

በፕሮሰሰር ውስጥ ያለው ርቀት

አሁን ከመቶ ኪሎ ሜትሮች ወደ ሴንቲ ሜትሮች እንውረድ። በ3 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ፕሮሰሰር በሰከንድ 3 ቢሊዮን የሰዓት ምት አለው፤ የአንዱ ምት ርዝመት የናኖ ሰከንድ ሲሶ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ብርሃን በባዶ ሕዋ እንኳ ቢጓዝ የሚሄደው 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በቺፕ ውስጥ ባሉ ቀጫጭን ሽቦዎች የሚተላለፍ ምልክት ደግሞ ከብርሃን እጅግ ይዘገያል። ስለዚህ በአንድ የሰዓት ምት ውስጥ ከፕሮሰሰሩ ተነሥቶ በሰሌዳው ላይ ካለው ሚሞሪ ደርሶ መመለስ በተፈጥሮ ሕግ የማይቻል ነው።

ርቀቱ ብቻ አይደለም። ዲራም የምንለው ዋናው ሚሞሪ ዜሮንና አንድን የሚይዘው በእጅግ ጥቃቅን ካፓሲተሮች ውስጥ ባለ የኤሌክትሪክ ሙሌት ነው። አንድ ቁጥር ለማንበብ መጀመሪያ ያለበት ረድፍ ይከፈታል፤ ደካማው ሙሌት ተለክቶ ይጎላል፤ ከዚያ ተፈላጊው ክፍል ተመርጦ ይላካል። ይህ ሁሉ ተደምሮ 80 ናኖ ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ በፕሮሰሰሩ አቆጣጠር 240 የሰዓት ምት ማለት ነው። በእያንዳንዱ ምት አራት ትእዛዝ መፈጸም የሚችል ፕሮሰሰር አንድን ቁጥር ብቻ ቢጠብቅ 960 ትእዛዝ የሚፈጸምበት ዕድል ያልፈዋል። አንዱ የሰዓት ምት አንድ ሰከንድ ቢሆን ኖሮ፣ ሠራተኛው አንድ ዕቃ አቀብሉኝ ብሎ 4 ደቂቃ እጁን አጣጥፎ ይቆማል እንደማለት ነው።

ባንድዊድዝን መጨመር ግን ይቻላል። ሁለት የሚሞሪ ቺፖች ጎን ለጎን ብናስቀምጥ በሰከንድ የሚመጣው ባይት እጥፍ ይሆናል፤ በእያንዳንዱ ቺፕ ውስጥ ያለው ረድፍ የሚከፈትበት ጊዜ ግን አይለወጥም። ዴቪድ ፓተርሰን እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመው ጽሑፍ የፕሮሰሰርን፣ የሚሞሪን፣ የኔትወርክንና የዲስክን ታሪክ አነጻጽሮ፣ ባንድዊድዝ እጥፍ በሚሆንበት ጊዜ ውስጥ መዘግየት የሚሻሻለው ቢበዛ ከ1.2 እስከ 1.4 እጥፍ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ባንድዊድዝ ብዙውን ጊዜ በገንዘብ ይገዛል፤ የመዘግየት ባለዕዳዎች ግን ለተፈጥሮ ሕግ ነን።

ሁለቱ የንድፍ መንገዶች

የፕሮሰሰር ነዳፊ በእጁ ያለው የተወሰነ የሲሊኮን ስፋትና የተወሰነ የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ይህን ንብረት በሁለት መንገድ ሊያውለው ይችላል።

የመጀመሪያው መንገድ መዘግየትን መቀነስ ነው። ዋናው መሣሪያ ካሽ ነው፤ በቅርቡ የተፈለገ መረጃ ዳግመኛ ይፈለጋል በሚል እምነት በፕሮሰሰሩ አጠገብ የሚቀመጥ ትንሽና ፈጣን ሚሞሪ ነው። በየቀኑ የምትፈልገውን በርበሬ ባለሞያ ሴት በማጀቷ ታኖራለች እንጂ ለእያንዳንዱ ወጥ ገበያ አትወጣም። የመጀመሪያው እርከን ካሽ በ4 ወይም በ5 የሰዓት ምት ይመልሳል። ታዲያ ሁሉንም ሚሞሪ ለምን ካሽ አናደርገውም? ካሽ ሲሰፋ ርቀቱም፣ የሚፈተሸውም ስለሚበዛ ራሱ ይዘገያል። የመጀመሪያው እርከን በብዙ ፕሮሰሰሮች 32 ወይም 48 ኪሎ ባይት ብቻ የሆነው፣ ከበስተኋላውም ሰፋፊና ዘገምተኛ እርከኖች የተደረደሩት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው መሣሪያ ትእዛዞችን ከተራቸው ውጭ መፈጸም ነው። አንዱ ትእዛዝ መረጃውን ሲጠብቅ፣ በእርሱ ላይ ያልተመሠረተ የኋላኛው ትእዛዝ ይቀድማል። ሮበርት ቶማሱሎ ይህን የሚያስተባብር ዘዴ ለአይቢኤም ማሽን ነድፎ እ.ኤ.አ. በ1967 አሳትሟል፤ የዛሬ ፕሮሰሰሮችም በመሠረቱ የእርሱን ሐሳብ ይከተላሉ። ሦስተኛው ግምት ነው፤ ፕሮግራሙ ወደየትኛው አቅጣጫ እንደሚታጠፍ ሳይታወቅ ገምቶ መቀጠል። እነዚህ ሁሉ የአንድን ሥራ ጊዜ ያሳጥራሉ። ዋጋቸው ግን ከባድ ነው፤ ከቺፑ ስፋትና ከኃይሉ ብዙው የሚውለው ስሌቱን ለመሥራት ሳይሆን ስሌቱ እንዳይጠብቅ ለማድረግ ነው።

ሁለተኛው መንገድ መዘግየትን እንዳለ ተቀብሎ በሌላ ሥራ መሸፈን ነው። አንዱ የሥራ ክር ሚሞሪን ሲጠብቅ ፕሮሰሰሩ ወዲያው ወደ ሌላ ክር ይዞራል። በርተን ስሚዝ በ1990ዎቹ የነደፈው ቴራ የተባለው ማሽን በእያንዳንዱ ፕሮሰሰር 128 ክሮች ይይዝ ነበር፤ የመረጃ ካሽ ግን ፈጽሞ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ2005 ሰን የተባለው ኩባንያ ያወጣው አልትራስፓርክ ቲ1 ስምንት ቀላል ኮሮች ነበሩት፤ እያንዳንዱ አራት ክር ስለሚይዝ በድምሩ 32 ክሮችን ያስተናግዳል። የዛሬው ግራፊክስ ፕሮሰሰር የዚህ አስተሳሰብ ጫፍ ነው። የኤንቪዲያ ኤ100 ፕሮሰሰር 108 የስሌት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ክፍል እስከ 2048 ክሮች ይይዛል፤ በድምሩ ከ220 ሺህ በላይ መሆኑ ነው። ለአንዱ ክር ብቻ ብትመለከቱት ከተራ ላፕቶፕ ፕሮሰሰር የዘገየ ነው። የሁሉንም ድምር ብትመለከቱ ግን ላፕቶፑ ከቶ አይደርስበትም።

በሁለቱ መካከል የሚደረገው ምርጫ ሲሳት ምን እንደሚከተል የፔንቲየም 4 ታሪክ ያስተምራል። ፓይፕላይን ማለት የአንድን ትእዛዝ ሥራ በደረጃዎች ከፍሎ፣ አንዱ ደረጃውን ሲለቅ ቀጣዩ እንዲገባ ማድረግ ነው። ደረጃዎቹ ሲበዙ እያንዳንዱ ያጥራል፤ የሰዓት ምቱም ይፈጥናል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የፔንቲየም 4 ዝርያ 31 ደረጃዎች ነበሩት። ነገር ግን የአቅጣጫ ግምት በተሳተ ቁጥር በረጅሙ ፓይፕላይን ውስጥ ያለው ሥራ ሁሉ ተጥሎ እንደገና ይጀመራል፤ ምቱ መፍጠኑም ኃይል ይበላል፤ ሙቀት ያመጣል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ኮር 2 ወደ 14 ደረጃዎች ተመለሰ። የሰዓት ምቱ ዝቅ ቢልም ሥራው ፈጠነ።

ሁለቱን የሚያስተሳስረው ሕግ

መዘግየትና ባንድዊድዝ ተለያይተው የቆሙ አይደሉም። ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 ያረጋገጠው ቀላል ሕግ ያገናኛቸዋል፤ በመንገድ ላይ ያለው ብዛት ከመድረሻው ፍጥነትና ከጉዞው ጊዜ ብዜት ጋር እኩል ነው። ወደ ተሳቢዎቻችን እንመለስ። በየግማሽ ሰዓቱ አንድ ተሳቢ ጎንደር እንዲገባ ከፈለግን፣ ጉዞው 5 ሰዓት ስለሆነ ሁልጊዜ አሥር ተሳቢዎች በመንገድ ላይ መኖር አለባቸው። አምስት ብቻ ቢኖሩን አስፋልቱ የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን አንድ ተሳቢ የሚገባው በየሰዓቱ ነው።

በፕሮሰሰርም ያው ነው። ሻጩ በሰከንድ 100 ጊጋ ባይት የሚያስተላልፍ ሚሞሪ ሰጠን እንበል። መዘግየቱ 80 ናኖ ሰከንድ ከሆነ፣ ያን አቅም ለመሙላት በማንኛውም ቅጽበት 8000 ባይት በመንገድ ላይ መሆን አለበት። ሚሞሪ የሚጠየቀው በ64 ባይት ጥቅል ስለሆነ 125 ያልተመለሱ ጥያቄዎች ያስፈልጋሉ። አንድ ኮር በአንድ ጊዜ 12 ጥያቄ ብቻ መያዝ ቢችል የሚያገኘው በሰከንድ 9.6 ጊጋ ባይት፣ ማለትም ከተገዛው አንድ አሥረኛ ያነሰ ነው። ቀሪው ባንድዊድዝ ባዶ አስፋልት ነው።

ተማሪዎች ይህን በራሳቸው ፕሮግራም ሊያዩት ይችላሉ። አንድ ሚሊዮን ቁጥሮችን በተከታታይ በተደረደረ ሠንጠረዥ ውስጥ ብታስቀምጡ፣ ፕሮሰሰሩ ቀጣዩን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ብዙ ጥያቄዎችን በአንድነት ይልካል። እያንዳንዱ ቁጥር 8 ባይት ቢሆን ድምሩ 8 ሜጋ ባይት ነው፤ በሰከንድ 10 ጊጋ ባይት ቢነበብ 0.8 ሚሊ ሰከንድ ይበቃዋል። እነዚያኑ ቁጥሮች በሚሞሪው ውስጥ ተበታትነው እያንዳንዱ የቀጣዩን አድራሻ በሚይዝበት ሰንሰለት ብታስቀምጧቸውና በካሽ ውስጥ ባይገኙ፣ የመጀመሪያው ሳይመጣ ሁለተኛውን መጠየቅ አይቻልም። አንድ ሚሊዮን ጊዜ 80 ናኖ ሰከንድ፣ 80 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። ቁጥሮቹ ያው፣ ማሽኑም ያው ሆኖ ሳለ ልዩነቱ መቶ እጥፍ ነው። ሁለተኛውን ፕሮግራም ይዞ ሰፊ ባንድዊድዝ ያለው ማሽን መግዛት ነዶ ለማድረቅ አጫጅ መቅጠር ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ልጨምር። ባንድዊድዙን እስከ ጫፍ መጠቀም ራሱ መዘግየትን ይወልዳል። ጠያቂዎች በዘፈቀደ በሚመጡበት አንድ አገልግሎት ላይ፣ በቀላሉ የወረፋ ቀመር ስናሰላ፣ አገልጋዩ ግማሽ ጊዜውን ሥራ ላይ ከሆነ አማካይ ቆይታው የአገልግሎቱን ጊዜ እጥፍ ይሆናል፤ 90 በመቶ ከተያዘ አሥር እጥፍ ይደርሳል። የድንበር ኬላ ላይ ወረፋ ይዞ ያደረ ሾፌር ቀመሩን ባይማርም ነገሩን ያውቀዋል።

የአማርኛ ጉዳይ

አሁን ቃል ወደ ገባሁበት ጉዳይ ልምጣ። ዛሬ ብዙዎቻችን የምንጠይቃቸው የሰው ሠራሽ አስተውሎት የቋንቋ ሞዴሎች መልሳቸውን የሚጽፉት ቶከን በሚባሉ ቁርጥራጮች ነው፤ አንዱ ቶከን ሳይጻፍ ቀጣዩ አይታወቅም። ይህ ቅድም ካየነው ሰንሰለት ጋር አንድ ነው። ለእያንዳንዱ እርምጃ የሞዴሉ ቁጥሮች በሙሉ ከሚሞሪ መነበብ አለባቸው። ሰባት ቢሊዮን ቁጥሮች ያሉት ሞዴል፣ እያንዳንዱ 2 ባይት ቢይዝ፣ 14 ጊጋ ባይት ነው። በሰከንድ 1555 ጊጋ ባይት በሚያነብ ኤ100 ላይ አንዱ እርምጃ ቢያንስ 9 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። አገልግሎት ሰጪዎች የብዙ ጠያቂዎችን ሥራ አንድ ላይ አቆራኝተው በአንዱ ንባብ ብዙዎችን ያስተናግዳሉ፤ ይህ አጠቃላይ ምርቱን ያሳድጋል። የአንዱን ጠያቂ እርምጃ ግን አያሳጥርም፤ ወረፋ ካለ እንዲያውም ያስረዝመዋል።

የእኛ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል። በተለመደው የዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት ይወስዳል። «አልመጣችም» የሚለው ቃል ስድስት ፊደል፣ 18 ባይት ነው። በአመዛኙ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ የተዘጋጀ የቶከን መዝገብ ተመጣጣኙን የእንግሊዝኛ ሐረግ በአራት ቶከን ሊጽፈው ይችላል። አማርኛውን ግን የማያውቀው ከሆነ እየሰባበረ ይጽፈዋል፤ በከፋው ሁኔታ እስከ 18 ቶከን ይደርሳል። በ9 ሚሊ ሰከንድ ስናሰላው አንዱ 36፣ ሌላው 162 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። ያንኑ ሐሳብ ለመስማት የአማርኛ ተናጋሪው ከአራት እጥፍ በላይ ይጠብቃል፤ ክፍያው በቶከን ቁጥር ከሆነም በዚያው ልክ ይከፍላል።

መድኃኒቱን ስንፈልግ ዛሬ የተማርነውን መለየት ይጠቅመናል። ሞዴሉን ለብዙ ፕሮሰሰሮች ማካፈል እያንዳንዱን እርምጃ ያሳጥረዋል፤ የእርምጃዎቹን ቁጥር ግን አይቀንስም። የእርምጃዎቹን ቁጥር የሚቀንሰው ለአማርኛ የሚስማማ የቶከን መዝገብ ነው፤ ቃሉን «አል»፣ «መጣ»፣ «ችም» ብሎ በሦስት የሚከፍል መዝገብ ሥራውን በሦስት እርምጃ ይጨርሰዋል። ይህ ውድ ፋብሪካ አይጠይቅም። የቋንቋ ምሁርና የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ በአንድ ጠረጴዛ ቢቀመጡ የሚሠሩት ነው። ከዚህ አዳራሽ የሚወጣ ሥራ ካለ ይህ እንዲሆን እመኛለሁ።

ከተሰብሳቢዎች የቀረቡ ጥያቄዎች

ተማሪ፦ መምህር፣ ብዙ ኮር ያለው ኮምፒውተር ብገዛ ፕሮግራሜ በዚያው ልክ ይፈጥናል?

መልስ፦ ሥራህ ምን ያህሉ እንደ አጨዳ፣ ምን ያህሉ እንደ ማድረቅ እንደሆነ ንገረኝና እመልስልሃለሁ። ጂን አምዳል እ.ኤ.አ. በ1967 እንዳስረዳው፣ ከሥራህ አንድ አሥረኛው የግድ በተራ የሚሠራ ከሆነ፣ ሺህ ኮር ብትገዛም ከአሥር እጥፍ በላይ አይፈጥንም። መጀመሪያ ያችን አንድ አሥረኛ ፈልጋት፤ እርሷን ማሳጠር ብዙ ጊዜ ከአዲስ ማሽን ይበልጣል።

መምህርት፦ የትምህርት ክፍላችን በጀት ውስን ነው። ለቤተ ሙከራ ስንገዛ ምን ብለን እንጠይቅ?

መልስ፦ አመሰግናለሁ። ሦስት ነገር ብትጠይቁ ይበቃል ብዬ አምናለሁ። አንደኛ፣ ተጠቃሚው የሚጠብቀው አንድን መልስ ነው ወይስ የብዙ ሥራዎችን ድምር? በአንድ ወንበር ተቀምጦ ፕሮግራም የሚጽፍ ተማሪ መዘግየት ይሰማዋል፤ ለእርሱ ጥቂት ግን ጠንካራ ኮሮች ይበልጣሉ። ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራ የምስል ወይም የአየር ጠባይ ስሌት ግን የሚፈልገው ባንድዊድዝ ነው። ሁለተኛ፣ የሻጩ ወረቀት ላይ የተጻፈው ቁጥር የትኛው መለኪያ ነው? ወረቀቱ ጊጋ ባይት በሰከንድ ብቻ ጽፎ ስለ መዘግየት ዝም ካለ ግማሹን ነው የነገራችሁ። ሦስተኛ፣ የራሳችሁን ፕሮግራም በማሽኑ ላይ ለመሞከር ፈቃድ ጠይቁ። አምስት ደቂቃ የወሰደ ሙከራ ለዓመታት የሚቆይን ግዢ ያስተካክላል።